ጥማትና ኀዘን፤ የቡድሃን ትምህርት የሚገልጽ መጽሐፍ ስለ ማንበብ

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ከሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ሁሉ ቀዳሚው «ስለ ምን እንሠቃያለን?» የሚለው ይመስለናል። ስለ ከዋክብት አካሄድ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጠይቅ የሚሞት ሰው ብዙ ነው፤ የነገሥታትን ታሪክ ሳያውቅ የሚያልፈውም ስፍር ቁጥር የለውም። ነገር ግን ሌሊት ጥርሱን ያመመው፣ ልጁን የቀበረ፣ ወይም ሲመኘው የኖረውን ነገር አግኝቶ በሦስተኛው ቀን የሰለቸው ሰው ሁሉ ይህን ጥያቄ ያለ መምህር ያውቀዋል። ስለዚህም በምድር ላይ ይህን ያልጠየቀ ሕዝብ አይገኝም፤ የሚለያየው መልሱ ነው።

አሁን ነገሩን እንድናነሣው ያደረጉን ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በለቡ የሚኖሩ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ያደጉ ጥቂት ወጣቶች ናቸው። ለቡ የሩቅ አገር ነገር እስከ ደጅ የደረሰበት ሰፈር ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው፣ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው፣ በቻይና ኩባንያዎች የተሠራው የምድር ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው በዚያው በፉሪ ለቡ ጣቢያ ነበር። የምሥራቅ አገር አሳብ ግን ሐዲድ አይጠብቅም፤ ወጣቱ ሁሉ በኪሱ በያዘው ስልክ የፈለገውን መጽሐፍ ያነብባል። ወጣቶቹ አንብበው ያመጡልን መጽሐፍ «ቡድሃ ያስተማረው» የሚል ነው። ጥያቄያቸውም ሁለት ነበረ፤ ክርስቲያን ይህን ማንበብ ይገባዋልን? ቢያነብስ ምን ያገኝበታል? ከመካከላቸውም ወንድሟ ከሞተ ገና ዓመት ያልሞላው አንዲት እኅት ሦስተኛ ጥያቄ ጨመረችልን፤ እርሱን በስፍራው እናነሣዋለን።

ፊተኛውን ጥያቄ በአጭሩ እንለፈው። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያ ለወጣቶች በጻፈው ምክር የአሕዛብን መጻሕፍት እንደ ንብ ሆነው እንዲያነቡ አስተምሯል፤ ንብ በአበባ ሁሉ ላይ አትቀመጥምና፤ የተቀመጠችበትንም አበባ ጠቅልላ አትወስድምና። ከእርሱ አስቀድሞም፣ በ200 ዓ.ም. ገደማ፣ የእስክንድርያው ቀለሜንጦስ ስለ ሕንድ ጠቢባን ሲጽፍ የቡድሃን ስም ጠርቷል፤ ተከታዮቹም እንደ አምላክ ያከብሩታል ብሏል። እንግዲህ ይህ ስም በመንበረ ማርቆስ ከተማ ከተሰማ አሥራ ስምንት መቶ ዓመት ሆኖታል ማለት ነው። ይህን ስንል ሃይማኖቱን ገና ያልተማረ ልጅ ያገኘውን ሁሉ ያንብብ ማለታችን አይደለም፤ ሚዛን የሌለው ሰው ገበያ መውጣት አይገባውም። ሚዛን ያለው ግን ከገበያ የሚሸሽበት ምክንያት የለም።

መጽሐፉን የጻፉት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1907 በሴሎን፣ ዛሬ ስሪ ላንካ በምትባለው ደሴት፣ የተወለዱት ዋልፖላ ራሁላ የተባሉ የቡድሃ መነኩሴ ናቸው። በፓሪስ ሲኖሩ በእንግሊዝኛ አዘጋጅተውት በ1959 ታተመ። መጽሐፉ ትንሽ ነው፤ አጻጻፉም የጠራ ነው። አንባቢውን በስብከት አይጎትተውም፤ የእኛ ሰባክያንም ይህን ጠባዩን ቢቀስሙት አይጎዳቸውም እንላለን። ስለ ሌላው ሃይማኖት የሚነገረንን ከጠላቱ አፍ ከመስማት ይልቅ ያመነበት ሰው ራሱ ሲናገር መስማት የተሻለ ነውና፣ ወጣቶቹ ምርጫቸው ደኅና ነበር።

ትምህርቱ እንዲህ ነው። በኋላ ቡድሃ፣ ይኸውም «የነቃው» ተብሎ የተጠራው ሲዳርታ ጎታማ ዛሬ ኔፓል በምትባለው አገር በሉምቢኒ ተወለደ። ከታላቅ ቤት የተወለደ ነበር። እንደሚነገረውም ሽማግሌን፣ በሽተኛንና ሬሳን አይቶ ልቡ ታወከ፤ በኋላም አንድ መናኝ አይቶ በ29 ዓመቱ ሚስቱንና ልጁን ትቶ ወጣ፤ በ35 ዓመቱ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ የሥቃይን ነገር አወቀ ይላሉ። ያወቀውንም እንደ ሐኪም በአራት ቃል አስቀመጠው፤ በሽታው ምን እንደ ሆነ፣ ከምን እንደሚነሣ፣ ሊድን እንደሚችል፣ መድኃኒቱም ምን እንደ ሆነ። በሽታው ሥቃይ ነው። መነሻው ጥማት ነው። ጥማቱ ሲጠፋ ሥቃዩ ይጠፋል። መድኃኒቱም ከቀና ማስተዋል ጀምሮ እስከ ቀና ተመስጦ የሚደርስ ስምንት ክፍል ያለው መንገድ ነው።

ከዚህ ላይ ስለ ቃሉ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። «ሥቃይ» ብለን የተረጎምነው በፓሊ ቋንቋ «ዱክኻ» የሚባለው ሲሆን፣ ጸሐፊው እንደሚያስረዱት ሕመምንና ልቅሶን ብቻ አይደለም የሚያመለክተው፤ ደስታም እንኳ አላፊ ስለ ሆነ በዚሁ ስም ውስጥ ይገባል። ሁለተኛው ቃል «ታንሃ» ነው፤ ትርጉሙም በቀጥታ ጥማት ማለት ነው። እንግሊዛዊው አንባቢ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ ሳያሻው አይቀርም፤ እኛ ግን የሥልጣን ጥማት፣ የገንዘብ ጥማት እያልን የምንናገር ሕዝብ ስለ ሆንን ነገሩ ወዲያው ይገባናል። በለቡም የሚኖር ሰው ይህን ለማየት ከሰፈሩ መውጣት የለበትም። ኪራይ ያስመረረው የራሱን አንድ ክፍል ይመኛል፤ አንዱን ክፍል ያገኘው ሁለተኛውን ይመኛል፤ ቤቱን የሠራው ሰው ደግሞ የጎረቤቱ ፎቅ ፀሐዩን እንደ ጋረደበት እያሰበ እንቅልፍ ያጣል። ማናቸውም በደለኛ አይደሉም፤ ነገር ግን ማናቸውም አልረኩም።

እንግዲህ በዚህ ነገር ከእነርሱ ጋር የምንጣላበት ምክንያት አናይም። በገዳሞቻችን የሚነበቡት ሦስቱ መጻሕፍተ መነኮሳት፣ ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ፣ ምኞት ሰውን እንዴት እንደሚያስር ከሴሎኑ መነኩሴ ባላነሰ ጥልቀት ያስተምራሉ። ሕሊናን መጠበቅን፣ ዝምታን፣ አሳብ ከየት እንደሚነሣና ወዴት እንደሚሄድ መመልከትን ያዝዛሉ። ወጣቶቹ ይህን ስንነግራቸው መገረማቸው እኛን አሳዘነን። የራሳቸው ቤት ጓዳ ምን እንዳለበት ሳያውቁ የጎረቤትን ጓዳ አድንቀዋልና። ለዚህ ግን ወቃሹ ወጣቱ አይደለም፤ መጻሕፍቱን በግዕዝና በአንድምታ ዘግተን ያስቀመጥን እኛ መምህራኑ ነን።

ከዚህም የሚያስደንቀው ሌላ ነገር አለ። የዚያ የሕንድ ልዑል ታሪክ በግዕዝ ተጽፎ በቤታችን ተቀምጧል። መጽሐፉ «በረላም ወይዋስፍ» ይባላል። አንድ የሕንድ ንጉሥ ልጅ ይወለድለታል፤ ጠቢባንም ይህ ልጅ የሚነግሠው በሌላ መንግሥት ነው ብለው ይነግሩታል። ንጉሡ ፈርቶ ልጁን ከሽምግልና፣ ከበሽታና ከሞት ዕይታ ሰውሮ በአዳራሽ ውስጥ ያሳድገዋል። ልጁ ይዋስፍ ግን አንድ ቀን ወጥቶ በሽተኛንና ሽማግሌን ያያል፤ ሰው ሁሉ እንደሚሞትም ይረዳል፤ ከዚያም በኋላ ዕረፍት አያገኝም። በረላም የሚባል መናኝ በነጋዴ አምሳል፣ ዋጋው የማይገመት ዕንቁ አለኝ ብሎ፣ ወደ እርሱ ገብቶ የክርስቶስን ወንጌል ያስተምረዋል።

ይህ ታሪክ ከቡድሃ ሕይወት የተወረሰ መሆኑን ሊቃውንት ካረጋገጡ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። መንገዱም ረጅም ነው። ከሕንድ በፋርስ በኩል ወደ ዐረብኛ፣ ከዐረብኛ ወደ ጆርጂያ ቋንቋ፣ ከጆርጂያም ወደ ጽርዕ ተመለሰ፤ የጽርዑን መጽሐፍ ጥንት ለዮሐንስ ዘደማስቆ ይሰጡት ነበር፤ አሁን ግን ብዙዎች በአቶስ ተራራ የነበረው ጆርጂያዊው መነኩሴ ኤውቲምዮስ እንዳዘጋጀው ይናገራሉ። ስሙም በመንገድ ላይ ተለወጠ። «ቦዲሳትቫ» የሚለው የቡድሃ መጠሪያ በዐረብኛ «ቡዳሳፍ» ሆነ፤ በዐረብኛ ጽሕፈትም የ«በ» እና የ«የ» ፊደል በቃል መጀመሪያ ሲመጡ የሚለዩት ከሥራቸው ባለው ነጥብ ነው፤ ለአንዱ አንድ፣ ለሁለተኛው ሁለት። አንድ ጸሐፊ አንዲት ነጥብ ቢጨምር «ቡዳሳፍ» የነበረው «ዩዳሳፍ» ሆነ፤ እርሱም በእኛ ዘንድ ይዋስፍ ተባለ። በአንዲት ነጥብ ምክንያት ማንነቱ ሳይታወቅ ብዙ መቶ ዓመት ኖረ።

ወደ ግዕዝ የመለሱት አባ እንባቆም ናቸው። እኒህ አባት ከየመን የመጡ፣ ከእስልምና ወደ ክርስትና የተመለሱ፣ በኋላም የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የሆኑ ሊቅ ናቸው፤ ወደ ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም የጻፉት «አንቀጸ አሚን» የታወቀ ነው። በረላምን ከዐረብኛ የተረጎሙት በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1553 ነው። ዘመኑን አስቡት። ከኢማሙ ጋር የተደረገው ጦርነት ካበቃ ገና አሥር ዓመት ነው፤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፤ ሕዝቡ ዘመዶቹን ቀብሯል። በዚያ ሁሉ ኀዘን መካከል ንጉሡና እጨጌው ጊዜ ሰጥተው ያስተረጎሙት መጽሐፍ የሞትን ነገር አይቶ ዕረፍት ያጣ የሕንድ ልዑል ታሪክ ነው። ሥቃይ ምን እንደ ሆነ በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ናቸውና፣ የመረጡትን መጽሐፍ በከንቱ መረጡት አንልም።

(በነገራችን ላይ የሕንድና የእኛ ጉርብትና ከዚህም ይቀድማል። በአቡነ አረጋዊ ገዳም በደብረ ዳሞ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1940 ከመቶ የሚበልጡ የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተው ነበር፤ እነዚያ ነገሥታት በሰሜን ሕንድ የነገሡ ናቸው፤ ከእነርሱም ወገን ካኒሽካ የቡድሃን ሃይማኖት በመደገፍ የታወቀ ነው።)

የታሪኩ ተርጓሚዎች ያስቀሩትንና የለወጡትን መመልከት ይገባል። ሽማግሌውን፣ በሽተኛውንና ሞትን አላጠፏቸውም፤ የልዑሉንም ድንጋጤ አላቀለሉትም። በመጽሐፉም ውስጥ ያንን የሕንድ ምሳሌ አኑረውታል፤ አውሬ ያሳደደው ሰው ወደ ጕድጓድ ሲወድቅ የዛፍ ቅርንጫፍ ይይዛል፤ ነጭና ጥቁር አይጦች ሥሩን ይቈርጣሉ፤ ከታች ዘንዶ አፉን ከፍቷል፤ ሰውዬው ግን ከቅርንጫፉ ጠብ የምትለውን ማር እየላሰ ሁሉን ይረሳል። አይጦቹ ቀንና ሌሊት ናቸው። የለወጡት መልሱን ነው። ልዑሉ በመጀመሪያው ታሪክ ብቻውን ወጥቶ፣ ብቻውን ተቀምጦ፣ ብቻውን ነቃ፤ በሁለተኛው ግን የሚፈልገው አካል መጣለት፤ ዕንቁውም ተሰጠው።

አሁን ወደ እኅታችን ጥያቄ ደረስን። ይህች እኅት ወንድሟ ከሞተ በኋላ ሰው ሁሉ «አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ» ሲላት ቃሉ ከጆሮዋ አልፎ ወደ ልቧ አልገባ ብሎ ከረመ። መጽሐፉን ባነበበች ጊዜ ግን ጥቂት ዕረፍት አገኘች። ጥያቄዋም «ከሌላ ሃይማኖት መጽሐፍ መጽናናቴ ኀጢአት ነውን?» የሚል ነበር።

ኀጢአት አይደለም ብለናታል። እውነት የሆነ ነገር ማንም ቢናገረው እውነት ነው፤ ሁሉ ነገር አላፊ መሆኑም እውነት ነው። ከቡድሃ ታሪኮች አንዱ ይህንኑ ያስተምራል። ኪሳ ጎታሚ የምትባል ሴት የሞተ ልጅዋን ታቅፋ መድኃኒት ስትለምን፣ ሰው ሞቶበት ከማያውቅ ቤት ጥቂት የሰናፍጭ ፍሬ አምጪ ይላታል። ቤት ለቤት ዞራ እንዲህ ያለ ቤት ስታጣ ልጅዋን ቀበረች። ታሪኩ የተዋበ ነው፤ እኛም እናውቀዋለን፤ በእኛ አገር ግን ሐዘንተኛይቱ ቤት ለቤት አትዞርም፣ ቤቶቹ ወደ እርስዋ ይመጣሉ። የዕድር ድንኳን ይተከላል፤ ትናንት የራሷን የቀበረች ጎረቤት ንፍሮ ይዛ መጥታ አጠገብዋ ትቀመጣለች። የሰናፍጩ ትምህርት ያለ መምህር ይፈጸማል።

ነገር ግን ከዚያ የሚቀጥለው አለ፤ እኅታችንም እስከዚያ ድረስ እንድታነብ መክረናታል። ከቡድሃ ንግግሮች በአንዱ አንድ ልጁ የሞተበት አባት ወደ እርሱ ይመጣል። ቡድሃም ኀዘንና ልቅሶ ከምንወዳቸው ሰዎች የሚመነጩ ናቸው ይለዋል። አባትዬው ከሚወዱት ሰው የሚመጣ ደስታ ነው እንጂ ብሎ ቅር እያለው ሄደ። ከዚያ አጠገብ በዛር የሚጫወቱ ቁማርተኞች አገኘና ነገሩን ነገራቸው፤ እነርሱም ልክ ነህ አሉት። ንግግሩ ይህን የሚያወሳው አባትዬውን ከቁማርተኛ ጋር የሚስማማ አላዋቂ አድርጎ ነው። እኛ ግን ከዚያ አባት ጋር እንቆማለን፤ ከቁማርተኞች ጋር መቆጠሩም አያሳፍረንም።

ስለ ምን ቢሉ፣ እርሱ የተናገረው ነገር ከጥማት የተለየ ስለ ሆነ ነው። ለፎቅ ያለን ጥማትና ለልጅ ያለን ፍቅር ሁለቱም ያስለቅሳሉ፤ ሐኪሙ ግን ሁለቱን ዕንባ በአንድ ብልቃጥ ከቶ አንድ በሽታ ናቸው ካለ ምርመራው ጎድሏል። ቡድሃውያን ፍቅር የላቸውም ማለታችን አይደለም፤ ይህ ስም ማጥፋት ይሆናል። ለፍጥረት ሁሉ ቸርነትን ያስተምራሉ፤ ይህንንም እናት ለአንድ ልጅዋ ካላት ፍቅር ጋር ያነጻጽሩታል። የሚያስቸግረውም ይኸው ነው። እናት አንድ ልጅዋን የምትወደው ስሙን ጠርታ፣ ይህን ብቻ እንጂ ሌላውን አይደለም ብላ ነው፤ ሲሞትም ሌላ ልጅ አይተካውም። ፍቅሩን አስቀርቶ ኀዘኑን ማጥፋት እንዴት ይቻላል?

ጥያቄው ወደ መጽሐፉ ስድስተኛ ምዕራፍ ያደርሰናል። በዚያ ምዕራፍ ነፍስ የሚባል ጸንቶ የሚኖር ነገር እንደሌለ፣ ሰው የምንለውም የአካል፣ የስሜት፣ የማስተዋል፣ የልብ ዝንባሌና የንቃት ስብስብ እንደ ሆነ፣ ስብስቡም በየጊዜው እንደሚለዋወጥ ተጽፏል። ጸሐፊው ይህን ሲያስረዱ አይሸሹም፤ ከትምህርቱ ሁሉ ይህን ማዕከል አድርገውታል፤ እኛም ቅንነታቸውን እናከብራለን። ነገር ግን እኅታችንን የምንጠይቃት ይህን ነው፤ ያ ወንድምሽ ማን ነበር? ስብስብ ከነበረና ስብስቡ ከተበተነ፣ የምታለቅሺለት ሰው ቀድሞም አልነበረም፤ መጽናናቱም የሚመጣው ከዚህ ነው። እርሱ ከነበረና አሁንም በእግዚአብሔር ዘንድ ስሙ ከታወቀ ግን ኀዘንሽ ስሕተት አይደለም፤ አንድ እውነተኛ ሰው ከአጠገብሽ መለየቱን በትክክል ያወቀ ልብ ነው። ሐዋርያው ለተሰሎንቄ ሰዎች በጻፈው መልእክት ተስፋ እንደሌላቸው አትዘኑ አለ እንጂ ከቶ አትዘኑ አላለም። ጌታችንም አልዓዛርን ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደሚያስነሣው እያወቀ በመቃብሩ መንገድ ላይ አለቀሰ። ሊያስነሣው ለነበረ ሰው ማልቀስ ለሐኪሙ ትምህርት ትርፍ ነገር ነው፤ ለሚወድ ግን አይደለም።

ስለ ጥማትም ቢሆን እንዲሁ ነው። ሳምራዊቷ ሴት ወደ ያዕቆብ ጕድጓድ በመጣች ጊዜ ጥማትሽን አጥፊ አልተባለችም፤ ውኃ እንደሚሰጣት ተነገራት። አምስት ባሎች የነበሯት ሴት ናትና የጥማትን ነገር ማንም ሊያስተምራት አያስፈልጋትም ነበር።

እኅታችን መጽሐፉን ትታለች ወይም አልተወችም አንልም፤ በዝምታ መቀመጥንም ከእርሱ ከተማረች ትቀመጥ፤ ዝምታው ወደ ጸሎት የሚገባበት በር ሊሆን ይችላል። እኛ የለመንናት ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን አድርጋ ፍጻሜያቸውን እንድታነብ ብቻ ነው።

በቡድሃውያን መጽሐፍ እንደ ተጻፈው ቡድሃ በ80 ዓመቱ በኩሲናራ በሁለት ዛፎች መካከል ተኝቶ ሞተ። ከመሞቱ በፊት አገልጋዩ አናንዳ በር ተደግፎ ሲያለቅስ አስጠርቶት፣ ስላገለገለው አመስግኖ፣ የምንወደው ሁሉ ከእኛ እንደሚለይ ነግሮ አጽናናው። በሞተም ጊዜ ገና ከምኞት ያልተላቀቁት ደቀ መዛሙርት እጃቸውን ዘርግተው፣ መሬት ላይ ወድቀው አለቀሱ፤ ፍጹማን የሆኑት ግን የተቀናበረ ነገር ሁሉ አላፊ መሆኑን እያሰቡ ሳያለቅሱ ቆሙ።

በእኛ መጽሐፍ ደግሞ ይዋስፍ መንግሥቱን ትቶ፣ ወደ በረሓ ወርዶ፣ መምህሩን በረላምን ብዙ ደክሞ ፈልጎ ካገኘው በኋላ አብሮት ኖረ። ሽማግሌውም ባረፈ ጊዜ ይዋስፍ ሥጋውን አቅፎ በዕንባው አጠበው፤ መዝሙር እየደገመም ቀበረው፤ ከመቃብሩም አጠገብ ተቀምጦ እያለቀሰ ጸለየ።